ከተደበቀው ሳጥን እስከ ተቀበረው ውሃ
የአንድ ጨዋታ ታሪክና ከበረሃ በደህና የመመለስ ነገር

ባለፈው የዝናብ ወራት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ከማኅበራችን ልጆች ስምንታችን ከቤርሼቫ ተነስተን ወደ ደቡብ ወጣን። እንደማንኛውም ቲዩል ነበር፤ ልዩነቱ የምንፈልገው ነገር መኖሩ ነው። ጨዋታውን ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ሰው ትንሽ ሳጥን ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ለሌሎች ያሳውቃል፤ ሌላው ስልኩን ይዞ ቁጥሩን እየተከተለ ይፈልጋል። ወርቅ የለው፣ ብር የለው፤ ደስታው ማግኘቱ ብቻ ነው።

ሳጥኑን አገኘነው። ከድንጋይ ሥር የምሳ ዕቃ የምታህል ፕላስቲክ ነበረች፤ ውስጧ ደብተር፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ የልጅ መጫወቻ መኪናና ጥቂት ሳንቲሞች አሉ። ከእኛ በፊት የመጡት ሰዎች ደብተሩ ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጽፈዋል፤ በዕብራይስጥ፣ በሩስኛ፣ በእንግሊዝኛ። እኛም በፊደላችን እንጻፍ ብለን ስማችንን ስንቆጥር ሰባት ሆንን። አንዱ የለም!

ለካ ስልኩን እያየ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ገብቷል። ብንደውል ኔትወርክ የለም፤ ብንጮህ የሚመልስልን ገደሉ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም። በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ግን አንድ ነገር ገባን። ሳጥኑ የት እንዳለ በሜትር እናውቅ ነበር፤ ጓደኛችን የት እንዳለ ግን አናውቅም። ይባስ ብሎ፣ ስምንታችንም የት እንደሄድን ቤት ውስጥ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቱ ብትደውል ምን ልንላት ነበር?

ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ቀን ነው። ጨዋታው ከየት እንደመጣ፣ በበረሃ የሚንቀሳቀሱ ሰዎችም እንዴት ሲገናኙና ሲጠባበቁ እንደኖሩ ጠይቀን ያገኘነውን እናካፍላችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ከየት መጣ?

ደብቆ የማስፈለግ ጨዋታ ከስልክም ከሳተላይትም በፊት ነበር። በእንግሊዝ አገር ዳርትሙር የሚባል ጭጋጋማና ረግረጋማ ምድር አለ። በ1854 ጄምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ ክራንሜር ፑል በተባለ ሩቅ ቦታ አንድ ጠርሙስ አስቀመጠ። እዚያ ድረስ በእግሩ የደረሰ ሰው የስሙን ካርድ በጠርሙሱ ውስጥ ይተዋል። ትርጉሙ በቃ «እኔ እዚህ ደርሼ ነበር» ነው። ከጊዜ በኋላ ጠርሙሱ ሳጥን ሆነ፣ አንዱም ብዙ ሆነ።

ሳተላይቱ ደግሞ የመጣው ከወታደር ቤት ነው። የአሜሪካ ጦር ጂፒኤስ የምንለውን ሥርዓት ሲሠራ የመጀመሪያውን ሳተላይት ያመጠቀው በ1978 ነበር። በሴፕቴምበር 1983 አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ የሶቪየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ ገባና ተመትቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚከፈት ያስታወቁት። እንግዲህ ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ነገር ለሕዝብ እንዲከፈት ምክንያት የሆነው መንገድ ስተው ያለቁ ሰዎች ሐዘን ነው።

እንዲያም ሆኖ ለሲቪል የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር እስከ መቶ ሜትር ድረስ ያሳስት ነበር። በመቶ ሜትር ውስጥ የምሳ ዕቃ ፈልጉ ብትባሉ ታገኛላችሁ? በሜይ 2000 መጀመሪያ ግን ይህ ማዛባት ቆመ። ወዲያው በማግስቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በተባለች ቦታ አጠገብ ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ ደብተርና እርሳስ፣ ሌላም ጥቃቅን ዕቃ ነበረበት፤ አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ጭምር። ደንቡም «የፈለግከውን ውሰድ፣ የራስህንም ተው፣ ደብተሩ ላይ ጻፍ» የሚል ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። ዛሬ በዓለም ላይ የተደበቁት ሳጥኖች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የጨዋታው ስም ራሱ ታሪክ አለው። «ካሽ» የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ መደበቅ ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫካ የሚዘዋወሩ አዳኞች ሲመለሱ የሚበሉትን ስንቅ አስቀድመው የሚደብቁበት ቦታ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሲጀመር ጨዋታ አልነበረም፤ ስንቅ ነበር፣ ነፍስ ማትረፊያ።

የእኛው በረሃ

ኔጌቭ ላይ ደግሞ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ቀልድ አይደለም። ሽቪል ይስራኤል የሚባለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1995 የተከፈተ፣ ከሰሜን ከዳን ተነስቶ ኤይላት ድረስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ከአራድ ወዲህ ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን መንደር ይሳሳል፣ ውሃ ይጠፋል። በሞቃት ቀን አንድ ሰው ቢያንስ አምስት ሊትር ይፈልጋል፤ የሦስትና የአራት ቀን ውሃ ተሸክሞ መሄድ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ተጓዦቹ አስቀድመው በመኪና ይሄዱና፣ ወይም ለሾፌር ከፍለው ይልኩና፣ በሚያድሩበት ቦታ አጠገብ ጠርሙስ ውሃ ይቀብራሉ። ቦታውን በቁጥርም በምልክትም ይይዛሉ፦ ከዚህ ግራር በስተግራ፣ ከዚህ ድንጋይ ሥር እያሉ።

እስቲ አስቡት፤ ያ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ደክሞ ሲደርስ ውሃውን ሌላ ሰው ጠጥቶበት ቢያገኘውስ? የሰው ሳጥን ያለ ቦታው ብንመልስ ጨዋታ እናበላሻለን፤ የሰው ውሃ ብንነካ ግን ሰው እንገድላለን። የበረሃ ሰዎች ግንኙነት ስልክ ከመደወል በላይ ነው የምንለው ለዚህ ነው። የማያውቁት ሰው የተወውን አለመንካትም መገናኘት ነው። ባዶውን ጠርሙስ ይዞ መውጣትም እንዲሁ።

መንገዶቹ ላይ የምናያቸው የቀለም ምልክቶችም የዚሁ ወገን ናቸው። በ1953 የተመሠረተው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በአገሪቱ ወደ አስር ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እንዲመለከት አድርጓል፤ ሁለት ነጭ መስመር፣ መሐላቸው አንድ ቀለም። ያንን ቀለም የቀባው ሰው አያውቀንም፣ እኛም አናውቀውም። ግን በየመቶ ሜትሩ «በዚህ ሂዱ» እያለ ያነጋግረናል።

በረሃው ሲቆጣ

በዝናብ ወራት ኔጌቭ ላይ የሚፈራው ደራሽ ውሃ ነው። አገር ቤት ያደጉ ወላጆቻችን በደንብ ያውቁታል፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ይዘንባል። የበረሃው አፈር ውሃ ቶሎ አይመጥም፤ ውሃው ሁሉ ወደ ናሀሉ ይሰበሰባል። ደረቅ የነበረው ሸለቆ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ እየተንከባለለበት ይሞላል።

ኤፕሪል 26 ቀን 2018 የሆነውን አንረሳም። ከውትድርና በፊት የሚሰጥ ትምህርት ሊጀምሩ የነበሩ ወጣቶች በሙት ባሕር አካባቢ ናሀል ጻፊት ውስጥ ሲጓዙ ጎርፍ መጣባቸውና አስሩ ሞቱ፤ ዘጠኝ ሴቶችና አንድ ወንድ። እድሜያቸው የእኛ እድሜ ነበር። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ከልጆቹም መካከል ስጋታቸውን ለጓደኞቻቸው በስልክ የጻፉ ነበሩ። መልእክቱ እኮ ነበረ። የጎደለው መልእክቱን ሰምቶ «ዛሬ አንሄድም» የሚል ሰው ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ ጉዞን መሰረዝ ውርደት አይደለም።

ሌላም አለ። ከኔጌቭ ብዙው ክፍል የጦር ኃይሉ የተኩስ መለማመጃ ነው፤ ከሠራዊቱ ጋር ሳይነጋገሩ መግባት ክልክል ነው፤ መሬት ላይ የወደቀ የብረት ነገርም አይነካም። በከተማ ደግሞ የተደበቀ ሳጥን ራሱ ሰው ያስደነግጣል። ኦገስት 31 ቀን 2004 እዚሁ ቤርሼቫ ሁለት አውቶቡሶች ፈንድተው 16 ሰዎች ሞተዋል። ትልልቆቻችን ያስታውሱታል። በዚህ ከተማ አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ልጅ፣ ወይም ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ፣ ፖሊስ ቢያስጠራ አይገርምም። ስለዚህ ጨዋታውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ውስጡ የሚታይ ዕቃ ይመርጣሉ፣ ምን እንደሆነ ላዩ ላይ ይጽፋሉ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያና ከመንግሥት ሕንጻ አጠገብ አይደብቁም። የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣም ቆመው ያስረዳሉ እንጂ አይሮጡም።

ስልኩ ሲዋሽ

ከኦክቶበር 2023 በኋላ በጦርነቱ ምክንያት በአገሪቱ የጂፒኤስ ምልክት ሲታወክ ቆየ። እስራኤል ውስጥ የቆመ ሰው ስልኩ ቤይሩት ነህ፣ ካይሮ ነህ ይለው ነበር። ታክሲ ነጂው ተቸገረ፣ ዕቃ አድራሹ ተቸገረ፤ እኛም ሳቅንበት። በረሃ ላይ ቢሆን ግን አያስቅም። በሳተላይት የተጀመረ ጨዋታ ሳተላይቱ ሲዋሽ የሚቀረው የወረቀት ካርታ፣ የቀለም ምልክትና ጓደኛ ነው።

ታዲያ ይህንን ስናወራ አንድ ጥያቄ መጣ፦ ካርታም ስልክም ሳይኖራቸው ከበረሃ በላይ በረሃ ያቋረጡት ወላጆቻችን እንዴት አደረጉት?

ያለ ካርታ የተሄደ መንገድ

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጎንደርና ከትግራይ ወደ ሱዳን በእግር የወጡት ወገኖቻችን ቀን ተደብቀው ሌሊት ይጓዙ ነበር። መንገድ የሚያውቅ ሰው ይመራቸዋል፤ ሽፍታ ይዘርፋቸዋል፤ ውሃ ጥም፣ ረሀብና በሽታ ይጥላቸዋል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ የሚሆኑት እስራኤል ገቡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ግን አራት ሺህ ያህል እንደሆኑ ይነገራል። ለእነሱ በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ያ መንገድ የተከፈተው በመልእክት ነው። ከትግራይ የወጡት መምህር ፈረደ አክሉም ሱዳን እንደደረሱ ወደ ውጭ የእርዳታ ጥሪ ላኩ። ከእስራኤል የተላከ ሰውም ካርቱም ውስጥ ፈልጎ አገኛቸው። ከዚያ ወደ አገር ቤት በሱዳን በኩል መንገድ እንዳለ ቃሉ ተላለፈ። በመጠለያዎቹም ውስጥ ኮሚቴ የተባሉ ወጣቶች በምስጢር ገንዘብና መድኃኒት ያደርሱ፣ በሌሊት የሚወጡትን ሰዎች ይጠሩ ነበር። ፈረደ አክሉም በ2009 አርፈው የተቀበሩት እዚሁ ቤርሼቫ ነው። ስንቶቻችን እናውቃለን?

ልዩነቱን ልብ በሉ። ወላጆቻችን ለደህንነታቸው ሲሉ ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ለጎረቤት መናገር አይችሉም፤ መጠለያ ውስጥም አይሁድ ነን ማለት አይችሉም። በመንገድ የቀሩት የብዙዎቹ መቃብር የማይታወቀውም ለዚህ ነው። እኛ ግን መደበቅ አያስፈልገንም። ስማችንን መጻፍ፣ መንገዳችንን መናገር፣ የምንመለስበትን ሰዓት ማሳወቅ እንችላለን። እነሱ ያላገኙትን ይህንን ዕድል በስንፍና ብንጥለው ያሳፍረናል።

እኛ ምን ወሰንን?

ከዚያች አርባ ደቂቃ በኋላ በማኅበራችን ጥቂት ነገር ተስማምተናል። ከመውጣታችን በፊት የስምንታችንም ስም፣ መንገዱና የመመለሻው ሰዓት ተጽፎ ቤት ለሚቀር ለአንድ ትልቅ ሰው ይሰጣል። ሰዓቱ አልፎ ካልደወልን ያ ሰው ዝም አይልም፤ 100 ደውሎ ለፖሊስ ይናገራል። በአራድ፣ በዓይን ጌዲና በሃር ሃኔጌቭ ከፖሊስ ጋር የሚሠሩ የበጎ ፈቃድ የማዳን ቡድኖች አሉ፤ ወዴት እንደሄድን ካወቁ ይደርሱልናል፤ ካላወቁ ግን የት ብለው ይፈልጉን? ለሕመምና ለጉዳት 101 ነው። ጠዋት የአየር ሁኔታ ትንበያው ይታያል፤ ጎርፍ ከተባለ ናሀል ውስጥ አንገባም። ስልክ ሞልተን እንወጣለን፣ የወረቀት ካርታም እንይዛለን። መጨረሻ የሚሄደው ልጅ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ በየማረፊያው እንቆጠራለን። ብቻውን የሚፈልግ የለም።

ባለፈው ወር ወደዚያች ሳጥን ተመለስን። ደብተሯ እዚያው አለች፤ ያን ቀን በድንጋጤ ሳንጽፍባት ነበር የሄድነው። አሁን ስምንት ስም በፊደላችን ተጽፎባታል። ከጻፍን በኋላ አንዴ ደግመን ተቆጠርን፤ ስምንት። ከዚያ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተን ቤት ደወልን፦ «አግኝተናል፤ እየመጣን ነው።»

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ያግባን።