ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉ ልጃገረዶች

በሴፕቴምበር 1922 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ አሚሊያ ማጂያ የምትባል ወጣት ሞተች፡፡ (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እንቆጥራለን፤ የአገራችንን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን፡፡) መጀመሪያ አንድ ጥርሷን አመማትና ተነቀለ፡፡ ቀጥሎ ያለው አመማት፤ እሱም ተነቀለ፡፡ የተነቀለበት ቦታ አልድን ብሎ መግል ያዘ፡፡ አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሟ መንጋጋዋን በጣቱ ቢነካው አጥንቱ ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ፡፡ በመጨረሻ ቁስሉ ወደ አንገቷ ወርዶ ደም ሲፈስሳት ሞተች፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች፡፡ በሞት የምስክር ወረቀቷ ላይ የሞቷ ምክንያት ተብሎ የተጻፈው ‹‹ቂጥኝ›› የሚል ነው፡፡

ይህን ታሪክ ስናነብ ከሁሉ በላይ ያሰረን ይህ ወረቀት ነው፡፡ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሰነድ ማመን ይወዳል፡፡ የአሚሊያ ሰነድ ግን ዋሽቷል፤ ውሸቱን ለማፍረስ ደግሞ አምስት ዓመትና አንድ የተቆፈረ መቃብር አስፈልጓል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በ1898 ማሪ እና ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ራዲየምን ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ሲቀላቅሉት በጨለማ የሚያበራ ቀለም እንደሚሆን ታወቀ፡፡ በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ወታደሩ በሌሊት የሚነበብ ሰዓት ፈለገ፡፡ ኦሬንጅ በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ የነበረው ፋብሪካ (ኋላ ‹‹ዩናይትድ ስቴትስ ራዲየም ኮርፖሬሽን›› ተባለ) ቁጥሮቹን በቀለም የሚጽፉ ልጃገረዶችን ቀጠረ፡፡ ብዙዎቹ አሥራዎቹን ያልጨረሱ ነበሩ፡፡ ክፍያው በቁጥር ነው፤ ብዙ የሠራች ብዙ ታገኛለች፡፡

የሰዓት ገጽ ላይ ያለች ቁጥር ደግሞ ጥቃቅን ናት፡፡ የብሩሹ ጸጉር ጥቂት መስመር እንደ ጻፈ ይበታተናል፡፡ በጨርቅ ወይም በውሃ ቢያሾሉት ቀለሙ ይባክናል፤ የአንድ ግራም ራዲየም ዋጋ በዚያን ጊዜ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፡፡ ስለዚህ አሠልጣኞቻቸው ያስተማሯቸው ሌላ ዘዴ ነው፡፡ ብሩሹን ከንፈር መሃል ከተት አድርጎ ማሾል፣ ቀለም መንከር፣ መጻፍ፤ እንደገና ከንፈር፣ እንደገና ቀለም፡፡ በቀን ውስጥ ይህ ስንት መቶ ጊዜ እንደሚደጋገም አንባቢ ይገምት፡፡ ጎጂ ይሆን እንዴ ብለው የጠየቁ ነበሩ፤ ምንም አይልም ተባሉ፡፡ ልጆቹም አመኑ፡፡ ምሽት ላይ ጸጉራቸውና ልብሳቸው እያበራ ወደ ቤት ሲሄዱ ሰው ያደንቃቸው ነበር፡፡ ጥፍራቸውን የቀቡበት፣ ለቀልድ ብለው ጥርሳቸውን የቀቡ አሉ፡፡ ጭፈራ ቤት ሲሄዱ እንዲያበራላቸው የዘነጠ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሥራ የሚገቡም ነበሩ፡፡

በዚያው ሕንፃ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነበር፡፡ የኩባንያው ኬሚስቶች ራዲየምን ሲይዙ በእርሳስ ግርዶሽ ተከልለው፣ በመቆንጠጫ ነበር፡፡ ቀለሙን የፈጠረው ሳቢን ፎን ሶቾኪ ራሱ ራዲየም ጣቱ ውስጥ ገብቶበት የሌባ ጣቱን ጫፍ ቆርጦ ጥሏል፡፡ እንግዲህ ‹‹አላወቁም ነበር›› ለሚለው መከራከሪያ ብዙ ቦታ ባንሰጥ አንባቢ ይረዳናል፡፡ ኬሚስቱ የሚያውቀውን ብሩሽ የያዘችው ልጅ አልተነገራትም፡፡

በሽታው ሥራ ላይ ሳሉ አይዛቸውም፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው፡፡ ራዲየም በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፡፡ እዚያ ተቀምጦ ለዓመታት ይጨርራል፤ አጥንቱን ይበሳል፣ ደም የሚሠራውን መቅኔ ያጠፋል፡፡ ልጅቱ ግን እስከዚያው ሥራ ለቅቃለች፤ አግብታለች፣ ወልዳለች፣ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ገብታለች፡፡ ግሬስ ፍራየር ፋብሪካውን የለቀቀችው በ1920 ሲሆን ጥርሷ መውደቅ የጀመረው ባንክ ውስጥ ስትሠራ ነው፡፡ ፋብሪካው የደመወዝ መዝገቡን ቢያገላብጥ የሚያየው ጤነኛ ሠራተኛ ብቻ ነው፡፡ የታመመችው ቤቷ ናት፡፡ የሴት ሥራ ‹‹እስክታገባ›› ተብሎ በሚታሰብበት አገር ጉዳቷም ከትዳር በኋላ ስለሚመጣ የማንም ሳይሆን ይቀራል፡፡

‹‹ቂጥኝ›› የሚለው ቃል ጥቅምም እዚህ ይታየናል፡፡ መንጋጋው የበሰበሰ ወንድ ሠራተኛ ቢሆን ሐኪሙ ስለ ሥራው መጠየቁ አይቀርም ነበር ብለን እናስባለን፡፡ ለነገሩ የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞችን መንጋጋ የሚያበሰብሰው የፎስፈረስ በሽታ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል፤ በ1888 የለንደን ክብሪት ሠሪ ሴቶች አድማ ሲመቱ ይኸው በሽታ ተነሥቶ ነበር፡፡ የኒው ጀርሲ የጥርስ ሐኪሞችም መጀመሪያ የጠረጠሩት ፎስፈረስን ነው፡፡ በወጣት ሴት ላይ ግን ሌላ ማብራሪያ ቅርብ ነበር፡፡ ነውሩ ቤተሰቧንም አፍ ያስይዛል፡፡

ሁለተኛው ሰነድ ከዚህም ይከፋል፡፡ በ1924 ወሬው እየበረታ ሲሄድ ኩባንያው ሴሲል ድሪንከር የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ፋብሪካውን እንዲያጠኑ ጋበዘ፡፡ ሊያገኙ የተፈለገው አልተገኘም፡፡ ሠራተኞቹ ጨለማ ክፍል ሲገቡ ፊታቸውና እጃቸው ያበራ ነበር፤ የደም ምርመራቸውም ጤናማ አልነበረም፡፡ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አርተር ሮደር ሪፖርቱን አፈነው፡፡ ለኒው ጀርሲ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደረሰው ልጆቹ ፍጹም ጤነኞች ናቸው የሚል ሌላ ወረቀት ነበር፤ የድሪንከርን ስም ይዞ! ይህን ያጋለጡት ሁለት ሴቶች ናቸው፡፡ አንዷ የኒው ጀርሲ የሸማቾች ማኅበሯ ካትሪን ዋይሊ፣ ሌላዋ የሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት ዶክተር አሊስ ሃሚልተን፡፡ ድሪንከር በስማቸው ምን እንደ ተሠራ ሲሰሙ ተናድደው፣ የክስ ማስፈራሪያውን ንቀው ጥናቱን በ1925 አሳተሙት፡፡

ኩባንያው አላረፈም፡፡ ፍሬድሪክ ፍሊን የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰው ግሬስ ፍራየርን መርምሮ ጤናሽ ከእኔ ይሻላል አላት፡፡ ኋላ እንደ ታወቀው ፍሊን የኩባንያው ተከፋይ ነበር፤ የሕክምና ዶክተርም አልነበረም፡፡

በዚያው በ1925 የኤሴክስ አውራጃ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ ራዲየሙ በሞቱት አጥንት፣ በሕይወት ባሉትም ትንፋሽ ውስጥ መኖሩን በመሣሪያ ለካ፡፡ አንዴ አጥንት ከገባ መውጫ እንደሌለውም ተናገረ፡፡ ለልጆቹ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፡፡

ግሬስ ጠበቃ ፍለጋ ሁለት ዓመት ፈጀች፡፡ በሜይ 1927 ሬይሞንድ ቤሪ የተባለ ወጣት ጠበቃ ጉዳዩን ያዘላት፡፡ ካትሪን ሻውብ፣ ኤድና ሀስማን፣ እንዲሁም ኩዊንታ ማክዶናልድና አልቢና ላሪስ አብረዋት ከሰሱ፡፡ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአሚሊያ እኅቶች ናቸው፡፡ ኩባንያው መጀመሪያ ያነሣው መከላከያ ይርጋ ነበር፡፡ በኒው ጀርሲ ሕግ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሴቶቹ ደግሞ ሥራውን ከለቀቁ ቆይተዋል፡፡ ቤሪ ይርጋው መቆጠር ያለበት የሕመማቸውን ምክንያት ካወቁበት ቀን ነው ብሎ ተከራከረ፡፡

እዚህ ላይ የአገራችንን ሕግ ማንሣት ደግ ነው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 (ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷል) በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ደረሰ የሚባለው ሠራተኛው መሥራት ባቃተው፣ ወይም ሐኪም በሽታውን መጀመሪያ ባወቀበት፣ ወይም ሠራተኛው በሞተበት ቀን ነው ይል ነበር፡፡ ለሚያነበው ደረቅ የሕግ ቋንቋ ነው፡፡ ቤሪ በ1927 ሲሟገትለት የነበረው ግን ይህንኑ የመሰለ አንቀጽ ነበር፡፡

በኦክቶበር 1927 የአሚሊያ መቃብር ተቆፈረ፡፡ አጥንቷ ራዲየም ሞልቶበት ነበር፡፡ የቂጥኝ ምልክት አልተገኘም፡፡

ችሎቱ በጃንዋሪ 1928 ሲከፈት ሁለቱ ሴቶች የአልጋ ቁራኛ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ለመሐላ እጇን ማንሣት ያቃታትም ነበረች፡፡ በኤፕሪል ጉዳዩ ወደ ሴፕቴምበር ተቀጠረ፡፡ ምክንያቱስ? የኩባንያው ምስክሮች የበጋ ዕረፍታቸውን አውሮፓ ሊያሳልፉ ነው፡፡ ያኔ ‹‹ኒው ዮርክ ዎርልድ›› ጋዜጣ ላይ ዋልተር ሊፕማን በርእሰ አንቀጹ ዱላውን አነሣ፡፡ ሕዝቡም ተቆጣ፡፡ በጁን 1928 ለእያንዳንዳቸው 10 ሺህ ዶላር በአንድ ጊዜ፣ በሕይወት እስካሉ በየዓመቱ 600 ዶላርና የሕክምና ወጪ እንዲሰጥ በስምምነት ተዘጋ፡፡ ኩባንያው ጥፋቱን አላመነም፡፡ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ድል ይሉታል፤ እኛ አንስማማም፡፡ የጡረታውን ልክ ያወጡት ሰዎች ሴቶቹ ስንት ዓመት እንደቀራቸው አልጠፋቸውም፡፡ ኩዊንታ በ1929፣ ግሬስና ሻውብ በ1933 ሞቱ፡፡ ፎን ሶቾኪ ራሱም በኖቬምበር 1928 ደሙን አጥፍቶት ሞቷል፡፡ በ1932 ደግሞ ኢበን ባየርስ የሚባል ባለጸጋ የጎልፍ ተጫዋች ‹‹ራዲቶር›› የተባለ ራዲየም ያለበት መጠጥ እንደ መድኃኒት ሲጠጣ ኖሮ ሞተ፡፡ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግን መጠጡን ሰውየው ሳይሞት በፊት አስቁሞት ነበር!

የእኛ ድል ያለው ኦታዋ ውስጥ ነው፤ የካናዳዋ ሳትሆን በኢሊኖይ ያለችው ትንሽ ከተማ፡፡ እዚያ የነበረው ‹‹ራዲየም ዳያል›› ኩባንያ በ1928 የኒው ጀርሲው ወሬ ሲሰማ ሠራተኞቻችን ተመርምረው ጤነኛ ሆነዋል የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ፡፡ ምርመራው ተደርጓል፤ ውጤቱ ግን ለልጆቹ አልተነገረም፡፡ ካትሪን ዎልፍ ዶኖሁ ማነከስ ስትጀምር በ1931 ተባረረች፤ አካሄዷ ወሬ ያስነሣል ተብሎ፡፡ በፌብሩዋሪ 1938 ችሎት ላይ ቀርባ ሕመሟ እንደማይድን ከሐኪም አፍ ስትሰማ ተዝለፍልፋ ወደቀች፡፡ ችሎቱም ቤቷ ሄዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፡፡ በነጻ የቆመላት ጠበቃ ሊዮናርድ ግሮስማን ይባላል፡፡ የኢሊኖይ ኢንዱስትሪ ኮሚሽን ፈረደላት፤ እሷ በጁላይ 27 ቀን 1938 ሞተች፡፡ ኩባንያው ይግባኙን ገፍቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በኦክቶበር 1939 አልታይም ተባለ፡፡ ዕርቅ አይደለም፤ ፍርድ ነው፡፡

በ1941 የአሜሪካ መንግሥት በሠራተኛ ሰውነት ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የራዲየም ልክ ሲወስን መነሻው የእነዚህ ሴቶች አጥንት ነበር፤ ቀጥሎ አቶሚክ ቦምብ የሠሩት ሰዎች የፕሉቶኒየም ጥንቃቄያቸውን ያወጡት ከዚሁ ነው፡፡ የ‹‹ራዲየም ዳያል›› ፕሬዚዳንት የነበረው ጆሴፍ ኬሊ ግን እዚያው ኦታዋ ውስጥ ‹‹ሉሚነስ ፕሮሰስስ›› የሚል ሌላ ፋብሪካ ከፍቶ የከተማዋን ሴቶች ቀጥሯል፡፡ ያ ፋብሪካ በጥንቃቄ ጉድለት የተዘጋው በ1978 ነው፡፡ በሕይወት የተረፉትን ቀለም ቀቢዎች ሳይንቲስቶች እስከ 1993 ድረስ እየጠሩ፣ በብረት ክፍል ውስጥ እያስቀመጡ አጥንታቸው ውስጥ የቀረውን ራዲየም ይለኩ ነበር፡፡ አሮጊቶቹ እሺ እያሉ ይሄዱ ነበር፡፡