አቡነ ማስያስ (ፊልም)

«አቡነ ማስያስ» በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ለዕይታ የበቃ የጣሊያን ታሪክ ቀመስ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ነው። የካፑቺኑን ሚሲዮናዊ የጉሊየልሞ ማሳያን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ካሚሎ ፒሎቶ ሲሆን፣ ንጉሥ ምኒልክን ሆኖ የቀረበውም ኤንሪኮ ግሎሪ የተባለ ጣሊያናዊ ተዋናይ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል ለምርጥ የጣሊያን ፊልም የሚሰጠውን የሙሶሊኒ ዋንጫ ወሰደ። በቀደመው ዓመት ዋንጫውን ያገኘው «ሉቺያኖ ሴራ አብራሪው»ም የአሌሳንድሪኒ ሥራ ነበር፤ የእሱም ታሪክ የሚቋጨው በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ነው።

ባለታሪኩ ማሳያ፣ በእኛ አጠራር አባ ማስያስ፣ እ.ኤ.አ. በ1809 ተወልደው በ1846 በኦሮሞ አገር እንዲያስተምሩ ከሮም የተሾሙ ጳጳስ ናቸው። ከ1868 ጀምሮ ሸዋ ተቀምጠው የምኒልክ አማካሪ ሆኑ፤ ፈንጣጣ በመከተብም ስማቸው ተሰማ። በ1879 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደብረ ታቦር አስጠርተው ከአገር አስወጧቸው። የ35 ዓመት ትዝታቸውን በ12 ቅጽ ጽፈው በ1889 ዐረፉ።

ፊልሙ የመባረራቸውን ጥፋት የሚጥለው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ በአቡነ አትናቴዎስ ላይ ነው። ሊቀ ጳጳሱ በምቀኝነት ንጉሠ ነገሥቱን በምኒልክ ላይ ሲያነሣሡ፣ ሚሲዮናዊው ደም እንዳይፈስ ብለው አገሩን ይለቃሉ። እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው። አቡነ አትናቴዎስ የሞቱት በ1876 ነው፤ ማሳያ ሲባረሩ ሊቀ ጳጳሱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ተተኪው አቡነ ጴጥሮስም የመጡት በ1881 ነው። ዮሐንስ ውሳኔውን የወሰዱት በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የአገሪቱን ሃይማኖት አንድ ለማድረግ ከቆረጡ በኋላ ነው፤ የምኒልክ የራሱ የውጭ ግንኙነትም አላስደሰታቸውም።

ይህን የዘመን መዛባት እንደ ቀላል የድርሰት ነፃነት ማለፍ ይከብዳል። የ1881ዱን ሊቀ ጳጳስ ስም የወረሱት ሌላው አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በወራሪው ጥይት ተገድለዋል። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ ተጨፍጭፈዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካሜራ ተሸክመው የመጡት ሰዎች የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን አባት ክፉ፣ የሮሙን ሚሲዮናዊ ደግሞ የሰላም ሰው አድርገው ቀረጹ። ያገሬው ሰው ከነፈረሱ፣ ከነጋሻው ለጦር ሜዳው ትዕይንት ተሰለፈ።

በጀርመን ይዞታ ሥር በነበረችው ፈረንሳይ ግን በወራሪ ገንዘብ ፊልም መሥራት ሌላ መልክ ነበረው። ኮንቲኔንታል የተባለው ኩባንያ ገንዘቡ የጀርመን ቢሆንም ዳይሬክተሮቹም ተዋንያኑም ፈረንሳውያን ነበሩ። ኦንሪ ዦርዥ ክሉዞ እ.ኤ.አ. በ1942 «ነፍሰ ገዳዩ በ21 ቁጥር ይኖራል» የሚለውን የወንጀል ምርመራ ፊልም የሠራው እዚያ ነው። ገዳዩ በእያንዳንዱ ሬሳ ላይ «ሙሴ ዱራን» የሚል ካርድ ይተዋል፤ መርማሪው ቬንስ ቄስ መስሎ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ይከራያል። በ1943 የወጣው «ቁራው» ደግሞ ስም የለሽ ደብዳቤ የሚያምሳትን ትንሽ ከተማ ያሳያል፤ ጠቋሚ በበዛበት ዘመን ተመልካቹ የራሱን ሰፈር አየበት። ክሉዞ ከነፃነት በኋላ ፊልም እንዳይሠራ ታግዶ እስከ 1947 ቆይቷል። በወራሪው ገንዘብም ቢሆን የራሱን ፊልም የመሥራት ዕድል ግን ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ አልተሰጠም።

ለኢትዮጵያ ከወራሪው ሲኒማ የተረፈው አዳራሹ ነው። ጎንደር በወረራው ዘመን የጣሊያኑ የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ፒያሳዋ የደረሰ ሰው፣ ከፋሲል ግንብ አጠገብ ጥግ ጥጉ የተድበለበለ የጣሊያን ሕንፃ ያገኛል፤ ሲኒማ ቤቱም ከእነዚህ አንዱ ነው። በቅኝ ገዥው የዘር ሕግ ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ አይቀመጥም ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ፤ ሲኒማ ቤቱ ግን ለከተማው ሰው ቀረ።