የሕዝብ ሳይንስ አስተማሪ እንዴት ይተካል? ከዴቪ እስከ ቲንዳል

ይህች አጭር ጽሑፍ የምትመረምረው፣ ሳይንስን ለሕዝብ የሚያስረዱ ሰዎች ተተኪ የሚያገኙት እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ዐዋቂ ሁሉ አስተማሪ አይሆንም፤ ጥሩ አስተማሪም ቢሆን ችሎታውን እንደ ርስት ለልጁ አያወርስም። ለምርመራችን የመረጥነው በሎንዶን የሚገኘውን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ነው፤ በዚህ ቤት ሦስት ትውልድ ተከታትሎ ሲያስተምር ማየት ይቻላልና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድርጅቱ በ1799 ሲመሠረት ዓላማው ሳይንስን ለዕለት ኑሮ ጥቅም ማዋልና ይህንኑ ማስተማር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ካውንት ራምፎርድ የእጅ ሙያተኞችም ገብተው እንዲማሩ አስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ አሳብ ብዙ ሳይቆይ ተተወ፤ አዳራሹም በይበልጥ የባለጸጎች መሰብሰቢያ ሆነ። ሃምፍሪ ዴቪ በ1801 መጥቶ ማስተማር ሲጀምር ንግግሩ ያማረ፣ ሙከራውም ዓይን የሚስብ ስለ ነበረ፣ መንገዱ በሠረገላ እስኪጨናነቅ ድረስ ሰው ይጐርፍ ነበር። እንግዲህ በሩ ያልተከፈተለት የእጅ ሙያተኛ ሳይንስን ከወዴት ያግኝ?

ለዚህ የሚካኤል ፋራዴይ ታሪክ መልስ ይሰጠናል። ፋራዴይ በ1791 ከብረት ቀጥቃጭ ተወለደ፤ በ14 ዓመቱም መጻሕፍት ለሚጠርዝ ሰው በተለማማጅነት ተሰጠ። በዚያ በቆየባቸው ሰባት ዓመታት ለጥረዛ የመጡትን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ከነዚህም አንዱ ጄን ማርሴት በ1806 ስሟን ሳትገልጽ ያሳተመችው፣ አንዲት መምህርትና ሁለት ልጃገረዶች ስለ ኬሚስትሪ ሲወያዩ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ማርሴት ይህን ለመጻፍ የተነሣችው የዴቪን ትምህርት ከሰማች በኋላ ነበር። ስለዚህ የዴቪ ትምህርት ወደ አዳራሹ ሊገባ ወዳልቻለው ልጅ በማርሴት መጽሐፍ በኩል አስቀድሞ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም ፋራዴይ ወንድሙ አንድ አንድ ሺሊንግ እየከፈለለት በከተማው የሚሰጡትን ርካሽ ትምህርቶች ተከታተለ። በ1812 የሱቁ ደንበኛ የሆነ ሰው የመግቢያ ወረቀት ሰጥቶት አራት የዴቪን ንግግሮች ሰማ፤ የሰማውንም ጽፎና ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ፋራዴይ የማስተማርን ችሎታ በተፈጥሮ ብቻ አገኘው የሚሉ አሉ፤ ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። ገና በ1813 ስለ አዳራሹ አየር፣ ስለ መሣሪያ አቀማመጥና ስለ ንግግር ርዝመት መርምሮ ለወዳጁ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ኋላም ገንዘቡን ከፍሎ የንግግር ትምህርት ተማረ። በ1825 ለወጣቶች የተጀመረውን የገና ትምህርት ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ጊዜ እርሱ ሰጠ። ስለ ሻማ ባስተማረው ዝነኛ ትምህርት፣ ከነበልባሉ ውስጥ ያለውን ተን በመስተዋት ቱቦ ስቦ በሌላው ጫፍ ያቀጣጥለው ነበር፤ ከሚነደው ሻማ ውሃ እንደሚወጣም በዓይን ያሳይ ነበር። ሁሉ ሰው በቤቱ ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ወደማያውቀው መውሰድ የትምህርቱ ዘዴ ነበር። ይኸው ትምህርት በዊሊያም ክሩክስ አዘጋጅነት በ1861 ታተመ።

ነገር ግን መተካት ያለ ችግር አልተፈጸመም። ፋራዴይ በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲመረጥ የተቃወመው ራሱ ያሳደገው ዴቪ ነበር። ፋራዴይም በበኩሉ እንደ እርሱ ከሱቅ የወጣ ደቀ መዝሙር አሠልጥኖ አልተወም። ከእርሱ በኋላ በአዳራሹ የታወቀው ጆን ቲንዳል ትውልዱ ከድኻ ቤት ቢሆንም፣ በ1853 ፕሮፌሰር ሆኖ የተሾመው በጀርመን አገር በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ነው። የመተኪያው መንገድ ከሱቅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዞረ። ፋራዴይ ራሱ በ1862 በመንግሥት ኮሚሲዮን ፊት ቀርቦ፣ ትምህርት ቤቶች ሳይንስን ችላ ማለታቸውን ነቅፎ መሰከረ። ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ መዘግየቱ የባሰ ነበር። ፋራዴይን ኬሚስትሪ ያስተማረችው የማርሴት መጽሐፍ ናት፤ ሆኖም በገና ትምህርት መድረክ ላይ አንዲት ሴት የቆመችው በ1994 ነው፤ እርሷም ሱዛን ግሪንፊልድ ናት።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍርድ የሚከተለው ነው። ተተኪውን ያስገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ፣ የድኻ አቅም የሚችለው የትምህርት ዋጋ፣ ከሁሉም በላይ ያልታወቀውን ልጅ ተቀብሎ ሥራ የሰጠው መምህር ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ፋራዴይ መጽሐፍ ሲጠርዝ ዕድሜውን በፈጸመ ነበር። የመግቢያው ወረቀት ግን በአንድ ደንበኛ ቸርነት የተገኘ ነበር። ተተኪን በቸርነት ብቻ የሚጠብቅ ቤት አንዱን ፋራዴይ ሲያገኝ፣ ስንቱን ከደጅ እንደ መለሰ ሊቈጥር አይችልም።