ዐቢይ ጾምና ሱባኤ በጎንደር

ሱባኤ ምእመናን ከወሬና ከገበያ ተለይተው በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ራሳቸውን የሚመረምሩበት የተወሰነ ጊዜ ነው። ቃሉ ሰባትን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር ይወጣል፤ አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሊያዝ ቢችልም፣ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ በስፋት ከሚያዝባቸው ጊዜያት አንዱ ዐቢይ ጾም፣ በሕዝቡ አጠራር ሁዳዴ ነው። ሰው በቤቱ፣ በአጥቢያው ደጀ ሰላም ወይም ገዳም ወርዶ ሱባኤ ይገባል። የስግደቱን ቁጥር የሚወስኑለት የንስሐ አባቱ ናቸው።

አቆጣጠር

ጾሙ 55 ቀን ነው። ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ሳምንታቱ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና በተባሉት እሑዶች ስም ይጠራሉ። በተለመደው አከፋፈል የመጀመሪያው ሳምንት 7 ቀን፣ የጌታ ጾም 40 ቀን፣ የመጨረሻው ክፍል 8 ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ስም

የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃልም ይባላል፤ ያከራከረውም ይህ ስም ነው። በሊቃውንቱ ትረካ መሠረት ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ይዘው መስቀሉን በወሰዱ ጊዜ (እ.ኤ.አ. 614) ክርስቲያኖች የሮሙን ንጉሥ ሕርቃልን ተበቀልልን አሉት። እሱ ግን ነፍስ የገደለ ዕድሜ ልኩን ይጹም የሚለውን ሥርዓት ፈራ። «የአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ነው? ተካፍለን እንጾምልሃለን» ብለው አበረታቱት፤ ለየራሳቸው የደረሳቸውም አንድ ሳምንት ሆነ። ንጉሡ ዘምቶ መስቀሉን እ.ኤ.አ. በ630 ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም መለሰ።

ትረካውን የሚጠራጠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሡት ማስረጃ ኤገርያ የተባለችው ተሳላሚ ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ380ዎቹ ኢየሩሳሌም የደረሰችው ይህች ሴት በዚያ ከፋሲካ በፊት ስምንት ሳምንት ይጾም እንደ ነበር ጽፋለች፤ ቅዳሜና እሑድ እየተተው፣ የመጨረሻው ቅዳሜ ብቻ ሲጨመር 41 የጾም ቀን ይሆናል። ይህም ከሕርቃል ከ200 ዓመት በላይ ይቀድማል። እንግዲህ ከንጉሡ ጋር የመጣው ሳምንቱ ሳይሆን ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሐሳቦች የግድ አይጣሉም፤ የኖረ ሳምንት በኋላ አዲስ ምክንያት ቢያገኝ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዜማ

በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል አይሰሙም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ጾመ ድጓ የሚዜመው በመቋሚያ ብቻ ነው። ለዚህ የመቋሚያ እንቅስቃሴ (ዝማሜ) ስልት ጎንደር በአታ ለማርያም የአቋቋም ጉባኤ ቤት በመሆን ስመ ጥር ነው። በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ጿሚው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካሉት ጥዶች ሥር ነጠላውን ተከናንቦ ዳዊቱን ሲደግም ይውላል። እውነተኛው ሱባኤ ምናልባት ይኸው ነው፤ የጽሑፍ ምንጮች ግን ከባልቴቶች ዳዊት ይልቅ የነገሥታትን ዘመቻ ይወዳሉ።

ኵርዓተ ርእሱ

ሕማማትን ለማሰላሰል በጎንደር ዘመን እጅግ የተከበረው ሥዕል ኵርዓተ ርእሱ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ ያሳያል፤ ስሙም ራሱን በመቃ መመታቱን ያስታውሳል። ሥራው የፍላንደርስ ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ዘመኑም ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይጠጋል። በአፄ ልብነ ድንግል ጊዜ ሳይመጣ አልቀረም የሚሉ አሉ፤ በዜና መዋዕል ጎልቶ የሚታየው ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ፣ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላም በቤዛ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰደው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪታኒያ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ሲሆን፣ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። በጎንደርና በአካባቢው የኢትዮጵያ ሠዓልያን የሠሯቸው ቅጂዎች ግን ብዙ ናቸው። ሥዕሉን ያላየ ሰው በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ስቅለት ቀና ብሎ ማየት ይችላል።

ዋልድባ

ከሰሜን ተራሮች ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላውን ሲወርዱ የሚገኘው የዋልድባ ገዳም ከደጋው ሱባኤተኞች መዳረሻዎች አንዱ ነው። መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም፤ ቋርፍ የሚባለውን ከዕፀዋት የሚዘጋጅ ምግብ ይመገባሉ።

ምግብ

ጿሚው ሳይበላ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ የሚበላው ስልጆ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት ነው፤ ሱባኤ የገባ ደግሞ እፍኝ ቆሎ ወይም ጥሬ ከውሃ ጋር ይበላል።

ሰሙነ ሕማማት

በዚህ የጾሙ የመጨረሻ ሳምንት ግብረ ሕማማት የተባለው መጽሐፍ ይነበባል፤ መስቀል መሳለምና ፍትሐት የለም። ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል። ዓርብ ሲሰገድ ከዋለ በኋላ ምእመኑ ተሰልፎ ወደ ካህናቱ ይቀርባል። ካህኑ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ እያደረጉ ተጨማሪውን ስግደት ያዙታል፤ ይህ ጥብጠባ ይባላል። ቅዳሜ ማለዳ ለሁሉም ቄጤማ ይታደላል፤ ምእመኑም በግንባሩ ዙሪያ አስሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል።