የእናቶቻችን ሸክላና ስፌት፦ ከወለቃ እስከ ያቭነ ሳሎን



ሰሞኑን ያቭነ ውስጥ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ሳሎኑ ያምራል፤ ግድግዳው ላይ ከሱቅ የተገዛ የፋብሪካ ሥዕል ተሰቅሏል። የአያትየው መሶብ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። "ለምን አታወጡትም?" ብዬ ብጠይቅ፣ እናትየዋ ሳቅ ብለው "አሁን ይሄን ማን ያየዋል ብለህ ነው?" አሉኝ። መልሳቸው ከልቤ አልወጣም። ምክንያቱም ከጀርባው ረጅም ታሪክ አለ።

አባቶቻችን ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ የሆኑት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መደረጉ በታሪክ ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በምን ይኖራል? በእጁ ነዋ! አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት። በየገጠሩም ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ለጎረቤት የሚሠሩት እነሱ ነበሩ።

ታዲያ ምስጋናው ምን ሆነ? "ቡዳ" የሚል ስም። ገበሬው በሠራንለት ማረሻ እያረሰ፣ በሠራንለት ድስት እየበላ፣ ዓይናችንን ይፈራ ነበር። ብዙ እናቶች ዛሬም የእጃቸውን ሥራ ለማሳየት የሚያፍሩት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ስድቡ ከሰዉ አልፎ ዕቃው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቱሪስት ሲበዛ፣ የወለቃ ሴቶች ከድስትና ከጀበና ሌላ ትናንሽ ምስሎችን ይሸጡ ጀመር፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ያለ መንኮራኩር፣ በጣታቸው ብቻ ነበር የሚቀርጹት። እነዚያ ምስሎች በቱሪስት ሻንጣ ተጭነው አውሮፓና አሜሪካ ሲደርሱ፣ ሠሪዎቹ ግን ገና ኢየሩሳሌምን በናፍቆት ያስቧት ነበር።

ጉዞው ሲመጣ ዕቃው ቀረ። በሱዳን በረሃ በእግሩ የተጓዘ ሰው ልጁን ይሸከማል እንጂ እንስራ አይሸከምም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞንም ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲነሳ፣ አብዛኛው የለበሰውን ብቻ ይዞ ነው አውሮፕላን የገባው። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለች አንዲት መሶብ ወይም ሙዳይ ከስንት የተረፈች ናት።

አሁን ደግሞ የያቭነን ነገር ልንገራችሁ። በ2002 እዚሁ ያቭነ፣ ኮረብታው ላይ በተደረገ ቁፋሮ ወደ 2,800 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የፍልስጥኤማውያን የሸክላ ዕቃዎች ጉድጓድ ሙሉ ተገኙ። ከመቶ በላይ የሚሆኑ የሸክላ መቆሚያዎች ነበሩበት፤ አንበሳ፣ በሬና ሴት ተቀርጾባቸዋል። የእነሱ ለአምልኮ ነበር፣ ያ ከእኛ ጋር አይገናኝም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ የሸክላ አንበሳ ሲገኝ ሊቃውንት በብሩሽ አቧራውን ጠርገው በክብር ያስቀምጡታል፤ የእናታችንን የሸክላ አንበሳ ግን እኛ ራሳችን ጓዳ እንደብቃለን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አውጡት። መሶቡን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አድርጉት፣ ቀለሙ እንዳይለቅ፤ እርጥበትም አያግኘው። ሙዳዮቹን ግድግዳ ላይ ደርድሩ። ጀበናውን ልጆች የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠራችው እናት በሕይወት ካለች ልጆቹን አጠገቧ አስቀምጡና ጠይቋት። አፈሩ ከየት ይመጣ ነበር? ስንደዶውና አክርማው መቼ ይታጨዳል? በወስፌ ስንት ወር ፈጀባት? መልሱን በስልክ ቅዱት፤ ስሟንና የመንደሯን ስም ጽፋችሁ ከዕቃው ሥር አኑሩ። የወለቃ ምስሎች ብዙዎቹ የሠሪያቸው ስም ሳይታወቅ ነው ዓለምን የዞሩት። ቢያንስ እኛ ቤት ያለው ስም ይኑረው።