ብርሃን የሚያግለው ቀለም

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬው የሚነሣው ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ዙሪያ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ስንት እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ኖራለች! የዓይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞች ትራኮማ ይሉታል። አምጪው ባክቴሪያ ነው፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይሻገራል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ብሌኑን ሲፍቅ ኖሮ ኋላ ያጨልመዋል።

ከዚያ አዚትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት መጣ። አምራቹ ፋይዘር በነፃ ሰጠ፣ ካርተር ሴንተር የተባለው ድርጅትና የጤና ባለሙያዎች በየቀበሌው አደሉ። ሰዉ ተሰለፈ፤ ምልክት ባለው እንጨት ቁመቱ ተለካ፤ በቁመቱ ልክ ክኒን ተቆጠረለት። ለትንንሾቹ ሽሮፕ ተቀዳ፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው የቴትራሳይክሊን ቅባት ተሰጠ። የደከሙትን ሁሉ እግዜር ይስጣቸው፣ ብዙ ዓይን ተርፏል። ቢሆንም ከዓመታት ዕደላ በኋላም በሽታው ከደቡብ ጎንደር ጨርሶ አልወጣም።

አሁን ዓባይን እንሻገር፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ። እዚያ ተመራማሪዎች ትራኮማን ለመቁረጥ ብለው ልጆችን በየሦስት ወሩ ይኸንኑ መድኃኒት ሰጡ። የልጆች ሞት ቀነሰ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ግን የልጆቹን አፍንጫ ሲመረምሩ ሌላ ነገር አዩ። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ መድኃኒቱን ለምዶታል! መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱን የለመደው ዓይነት የተገኘባቸው ልጆች 3.6 ከመቶ ነበሩ፤ ዓመት ሲሞላ 46.9 ከመቶ ሆኑ። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ። ነገሩ የጎንቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል።

ታዲያ ባክቴሪያው በቀላሉ የማይለምደው ምን አለ? ሙቀት አለ። ፕሮቲኑ ከተቀቀለ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ምን ብልሃት ይኖረዋል? ችግሩ ሙቀት ባክቴሪያውንና ሰውየውን አለመለየቱ ነው። የዛሬዎቹ ኬሚስቶች የያዙት መላ እዚህ ላይ ይገባል፤ እሳቱን እባክቴሪያው ጎን ብቻ ማንደድ።

ጉና ላይ ጥቁር በርኖስ ደርቦ ፀሐይ የሞቀ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥቁሩ ጨርቅ ግን ይግላል። ኬሚስቶቹ የሚጠቀሙባቸው የቀለም ሞለኪዩሎችም ብርሃን ይውጣሉ። ከዋጡት አብዛኛውን መልሰው አያበሩትም፤ ይንቀጠቀጡበታል፣ መንቀጥቀጡም ሙቀት ሆኖ ወደ አካባቢያቸው ይፈስሳል። በጨለማ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ብርሃኑም ተመርጦ ነው፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ታህተ ቀይ። ደምና ውሃ እሱን ብዙ ስለማያስቀሩት ከሌላው ብርሃን ይልቅ ወደ ሥጋ ጠለቅ ይላል።

ከእነዚህ ቀለሞች አንዱ አዲስ እንግዳ አይደለም። ኢንዶሳያኒን ግሪን ይባላል፤ በአሜሪካ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕክምና የተፈቀደ አረንጓዴ ቀለም ነው። የዓይን ሐኪሞች በዓይን የኋላ ክፍል ያሉትን የደም ሥሮች ለማየት በደም ሥር ይሰጡታል። 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቆ ይውጣል፣ ይሞቃልም። ተመራማሪዎች ይህንና መሰሎቹን ባክቴሪያ ላይ ከሚጣበቅ ነገር ጋር እያጣመሩ በላቦራቶሪ ሳህንና በአይጥ ቁስል ላይ ሞክረዋል። በተለይ ያመረቀዘ ቁስል ላይ፤ ባክቴሪያ ተሰብስቦ እንደ አተላ ሽፋን በሠራበት፣ ክኒን በማይዘልቅበት።

ለትራኮማ ይሁን አልልም። የትራኮማው ባክቴሪያ በራሳችን ሴል ውስጥ ነው የሚደበቀው፤ ዓይንም በሙቀት የሚደፈር አካል አይደለም። እኔ ተስፋ የማደርገው ለቁስል ነው፣ ለተቃጠለ ገላ፣ እርሻ ላይ ተቆርጦ ላመረቀዘ እግር። እዚያም ቢሆን ልኩ ጠባብ ነው። ባክቴሪያን በሙቀት ብቻ ለመጨረስ 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ጤነኛውን ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች አሁን ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ ብለው ይሞክራሉ። ያን ያህሉ ሙቀት ባክቴሪያውን ባይገድለውም ሽፋኑን ያላላዋል፤ በላላው በኩል ጥቂት አንቲባዮቲክ ይሰዳሉ፤ ለብቻው አቅም ያነሰው መድኃኒት ያኔ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።