«ሪስፔክት»፦ የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው?

አንድ የአሜሪካ ኤፍኤም ጣቢያ የአሪታ ፍራንክሊንን «ሪስፔክት» ባሰማ ቁጥር ክፍያው የሚደርሰው ለዘፈኑ ደራሲና ለአሳታሚው ነው። ለዘፋኟም፣ ላጀቧት ሙዚቀኞችም፣ ሸክላውን ላሳተመው ኩባንያም ጣቢያው አንዲት ሳንቲም የመክፈል ግዴታ የለበትም። የዘፈኑ ደራሲ ደግሞ አሪታ ሳትሆን ኦቲስ ሬዲንግ ነው። ዓለም በእሷ ድምፅ የሚያውቀው ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሬዲዮ ሲደመጥ፣ የሬዲዮው ገቢ በሌላ ሰው ስም ሲመዘገብ ኖሯል። ይህ በደል ነው ወይስ ፍትሕ? መልሱ ከታሪኩ መነሻ ይጀምራል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጆርጂያው ተወላጅ ሬዲንግ ዘፈኑን በ1965 በሜምፊሱ ስታክስ ኩባንያ አሳተመ። የእሱ ባለታሪክ ደክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ ላመጣው ገንዘብ ምላሽ ክብርን የሚጠይቅ ወንድ ነው። ዘፈኑ በሪዝም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 35ኛ ደረሰ። በ1966 ራሽናልስ የተባሉ የሚሺጋን ወጣቶች መልሰው ተጫወቱት፤ የእነሱ ግን ከ92ኛ አላለፈም።

በየካቲት 14 ቀን 1967 የ24 ዓመቷ አሪታ በኒው ዮርክ የአትላንቲክ ስቱዲዮ ቀረጸችው። ከዚያ በፊት በሌላ ኩባንያ ያሳለፈቻቸው ዓመታት የችሎታዋን ያህል ዝና አላስገኙላትም ነበር። በዚህ ቅጂ ተናጋሪዋ ሴት ሆነች፤ የወንዱ ጥያቄም የሴቲቱ ሆኖ ወደ እሱ ተመለሰ። የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ መጥራቱ፣ የእህቶቿ የኤርማና የካሮሊን ቅብብል፣ የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን የሚገባበት የመሸጋገሪያ ክፍል፣ ሁሉም በሬዲንግ ሥራ ውስጥ አልነበሩም። ቅጂው በሰኔ ወር ለሁለት ሳምንታት 1ኛ ሆነ፣ ሁለት የግራሚ ሽልማቶችን አገኘ፣ የጥቁሮች የመብት ትግልና የሴቶች ንቅናቄም የራሳቸው መዝሙር አደረጉት።

በዚያው ሰኔ ሬዲንግ በሞንተሬይ ፌስቲቫል መድረክ ላይ፣ ዘፈኑን አንዲት ልጅ እንደወሰደችበት ለታዳሚው በቀልድ ተናገረ። በታኅሣሥ 10 ቀን 1967 በ26 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

በሕግ ዓይን ግን አሪታ የወሰደችበት ነገር የለም፤ የእሱን ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታም አልነበረባትም። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የራስ ገዝ ፒያኖ ጥቅል ወረቀት የዜማ ቅጂ አይደለም ሲል ወሰነ። ኮንግረስ በ1909 ባወጣው ሕግ ይህን ለውጦ ለደራሲዎች መብት ሰጠ፤ አንድ ኩባንያ ዜማዎችን ጠቅልሎ እንዳይዝ ስለሰጋ ግን ገደብ አበጀለት። ደራሲው ሥራውን አንድ ጊዜ እንዲቀረጽ ከፈቀደ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም በቅጂ 2 ሳንቲም እየከፈለ መልሶ መቅረጽ ይችላል።

ለኢኮኖሚስት ይህ የሚያስደንቅ ሥርዓት ነው። ደራሲው እምቢ ማለት ቢችል ኖሮ የ1967ቱ «ሪስፔክት» ላይኖር ይችል ነበር። ዋጋውም ታውቆ ያደረ በመሆኑ ድርድሩ ወጪ አልነበረውም። ሆኖም ሥርዓቱ ሁለት ጉድለቶች ነበሩት። አንደኛ፣ የኑሮ ውድነት እየናረ ሲሄድ 2 ሳንቲሟ እስከ 1978 ድረስ ሳትነቃነቅ ቆየች፤ ደራሲው በየዓመቱ እየደኸየ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መልሶ የሚጫወተው ሰው የሚጨምረው አዲስ እሴት ያለ ደራሲው ስምምነት የራሱ ንብረት ሆኖ አይመዘገብም። አሪታ በዘፈኑ ላይ የሠራችው ቤት የቆመው በሰው መሬት ላይ ነበር።

የሬዲዮ ባለቤቶች ለዘፋኝ የማይከፍሉበት መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ ዘፈኑን ማሰማታችን ማስታወቂያ ነው፣ ሸክላ ያሸጣል ይላሉ። ለአዲስ ሥራ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማስታወቂያው ደራሲውንም ይጠቅመዋል፤ ለእሱ ግን ይከፈላል። ደግሞስ ሁሉም ሰው በቃሉ ለሚያውቀው የሃምሳ ዓመት ዘፈን ምን ማስታወቂያ ያስፈልገዋል? የ1961ዱን የሮም ስምምነት የተከተሉ ብዙ አገሮች ለዘፋኞችም ያስከፍላሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ አሜሪካ የእኛን ዘፋኞች ካልከፈለች እኛም የእሷን አንከፍልም ሲሉ ኖረዋል።

ኮንግረስ በ1995 ለዲጂታል ስርጭት ብቻ በሩን ከፈተ። ከዚህ ገቢ 50 በመቶው ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዋናው ዘፋኝ፣ 5 በመቶው ለአጃቢዎች ይከፋፈላል። የፌዴራሉ ሕግ ግን ከየካቲት 1972 በፊት የተቀረጸን ድምፅ ስለማያውቅ የ1967ቱ ቅጂ ከዚህም ውጭ ሆነ። ይህን ለማረም በ2014 የቀረበው ረቂቅ በራሱ በዘፈኑ ስም «ሪስፔክት» ተባለ፤ አላለፈም። ጉዳዩን ያስተካከለው ሕግ የተፈረመው በጥቅምት 11 ቀን 2018 ነው። አሪታ ያረፈችው በነሐሴ 16 ቀን፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነበር። የኤፍኤሙ ሬዲዮ አሁንም አይከፍልም።

እኛ ዘንድ ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ ሌላው ወገን ነው። ዘፋኙ ዝናውንም የመድረኩንም ገንዘብ ሲያገኝ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ስሙ በካሴቱ ሽፋን ጀርባ ይቀራል። አሜሪካ ዘሩን የዘራውን አክብራ ያጨደውን ረሳች፤ እኛ አጫጁን አንግሠን ዘሪውን ረሳን። የባለቤትነት መብት ሲደለደል አንዱን ለመካስ ሌላውን መርሳት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የዲጂታሉ ክፍፍል እንደሚያሳየው ገቢን ለብዙ እጆች ማካፈል ይቻላል፤ የሚጎድለው ሒሳቡ ሳይሆን ፈቃዱ ነው።